አሮጌ ኪት፣ ጥሩ ስፒትፋየር፦ የድሮ የፕላስቲክ ሞዴል አውሮፕላን አሠራር

የድሮ የሞዴል አውሮፕላን ኪት (ተገጣጥሞ የሚሠራ የሞዴል ሳጥን) እጃችሁ ከገባ፣ ሳጥኑ ላይ ባለው ሥዕል አትታለሉ። ሥዕሉ ላይ አውሮፕላኑ በጥይትና በጭስ መሐል እየተገለበጠ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ግን ጥቂት ቁራጭ ፕላስቲክ፣ የታጠፈ መመሪያና ቢጫ የሆነ የምልክት ወረቀት ነው። የዛሬ ኪቶች ክፍላቸው ቀጥ ብሎ ይገጥማል። የድሮዎቹ እንደዚያ አይደሉም። ማስገጠሙ የእናንተ ሥራ ነው።

ብዙ ሰው አሮጌ ኪት ሲያገኝ ሁሉንም ካላስተካከልኩ ይላል። ኮክፒቱን (አብራሪው የሚቀመጥበትን ክፍል) እንደ አዲስ ይሠራል፣ መስመሩን ሁሉ ይፍቃል፣ ጎማውን ይቀይራል። ከዚያ ይሰለቸውና ግማሽ አውሮፕላን መደርደሪያ ላይ ይቀራል። የኔ ምክር ሌላ ነው። ሦስት ነገር ላይ ልፉ፦ መጋጠሚያዎቹ፣ የክንፉ አቀማመጥና የአብራሪው መስታወት። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። የቀረውን ኪቱ በተሠራበት ዘመን ልክ ተዉት።

ለምሳሌ የምወስደው 1/72 የሆነ፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ፣ ስፒትፋየር ማርክ 1 ነው። ስፒትፋየር የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ነው። አውሮፕላኑ መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. መጋቢት 5 ቀን 1936 ነው። የእንግሊዙ የሞዴል አምራች ኤርፊክስ በ1950ዎቹ ያወጣው የመጀመሪያው የአውሮፕላን ኪቱም ይኸው ስፒትፋየር ነበር። ከዚያ ወዲህ የስፒትፋየር ኪት ያላወጣ ትልቅ አምራች ማግኘት ይከብዳል። የእናንተ ሜሰርሽሚት ወይም ሙስታንግ ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

ሳጥኑን ስትከፍቱ

ከመቁረጣችሁ በፊት ቁጠሩ። መመሪያው ላይ ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ጋር አመሳክሩ። የድሮ ሳጥን ብዙ እጅ አልፎ ስለሚመጣ የጎደለ ነገር አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ትንሹ ነው፦ የሬዲዮ ምሰሶ፣ የጅራት ጎማ፣ አንዳንዴም መስታወቱ። ምሰሶ ከትርፍ ፕላስቲክ ይሠራል። መስታወቱ ከሌለ ግን ለብቻው የሚሸጥ ምትክ እስክታገኙ ሥራውን አትጀምሩ።

ቀጥሎ ለኩ። 1/72 የመጣው ከእንግሊዝ መለኪያ ነው። አንድ ኢንች ስድስት ጫማ ይሆናል፣ ስድስት ጫማ ደግሞ 72 ኢንች ነው። የማርክ 1 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.23 ሜትር፣ ርዝመቱ ደግሞ 9.12 ሜትር ነው። ስለዚህ ሞዴሉ በክንፉ 15.6 ሴንቲ ሜትር፣ በርዝመቱ 12.7 ሴንቲ ሜትር ግድም መምጣት አለበት። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ግድ የለም። በሰፊው ከተዛነፈ ግን ኪቱ ሳጥኑን እንዲሞላ ተብሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ድሮ ሳጥኑን እያየ መጠኑን የሚወስን አምራች ነበር። ያም ቢሆን ይሠራል፣ ብቻ ከሌላ 1/72 ሞዴል አጠገብ አታቁሙት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የወጡ ኪቶች አሉ። ፍሮግ የተባለው የእንግሊዝ አምራች በ1936 የጀመራቸው ፔንግዊን የተባሉት ከሴሉሎስ አሲቴት የተሠሩ ናቸው። ፕላስቲኩ በዕድሜ ይጣመማል፣ የተለመደው የሞዴል ሙጫም አይይዘውም። እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠማችሁ ለሰብሳቢ አሳዩት እንጂ ቢላ አታንሱበት።

የላስቲክ ጎማ ካለውም አሁኑኑ ለዩት። ለስላሳው ጎማ ዘይት መሰል ነገር ያወጣል። ያ ነገር የነካውን ፕላስቲክ ቀስ በቀስ ያቀልጠዋል። ዓመታት ጎን ለጎን ከተቀመጡ የጎማው ቅርጽ በክንፉ ላይ ታትሞ ታገኙታላችሁ። ሲገጠምም የጎማውን መሐል በቫርኒሽ ሸፍኑት፣ ካልሆነም በፕላስቲክ ጎማ ተኩት።

እጥበትና ማቃናት

ክፍሎቹን ከፍሬሙ ሳትነጥሉ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡ። ፋብሪካው ፕላስቲኩ ከሻጋታው ቶሎ እንዲላቀቅ የቀባው ቅባት ዛሬም ላዩ ላይ አለ። የዓመታት አቧራና የእጅ ወዝም ተጨምሮበታል። ይህ ካልለቀቀ ቀለም አይይዝም። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። የፍሳሽ መውረጃው ላይ ማጥለያ አድርጉ፤ አሮጌ ፍሬም ላይ አንድ ሁለት ክፍል ሁሌም ሊወድቅ የተዘጋጀ ነው። በጨርቅ አትሹት፣ በራሱ ይድረቅ።

የተጣመመ ክንፍ ካለ ሙቅ ውሃ ያቃናዋል። የሚፈላ አይሁን፤ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ይበቃል። ክፍሉን በወረንጦ ይዛችሁ ጥቂት ሰከንድ ንከሩት። አውጡና በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አቃኑት። ቅርጹን እንደያዛችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት። በአንድ ጊዜ ካልተቃና ድገሙት። በደረቁ በጉልበት ከሞከራችሁ ግን ይሰበራል።

መቁረጥና በደረቁ መሞከር

አሮጌ ፕላስቲክ ደረቅና ተሰባሪ ነው። ክፍሉን በእጅ ጠምዝዞ መንቀል አይታሰብም። ጠፍጣፋ አፍ ባለው ትንሽ መቁረጫ ከክፍሉ ራቅ አድርጋችሁ ቁረጡ። የቀረችውን ጉቶ በስለታም ቢላ ላጩ፣ በ400 ከዚያም በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ። ብርጭቆ ወረቀቱን በውሃ አርጥቡት። አቧራው አይበንም፣ ወረቀቱም ቶሎ አይደፈንም።

የሻጋታው ጠርዝ ሲያረጅ ፕላስቲክ በሁለቱ ግማሾች መሐል ያፈተልካል። ስለዚህ በክፍሉ ዙሪያ ስስ ቅርፊት ታያላችሁ። በተለይ በማረፊያ እግርና በፕሮፔለር ላይ ይበዛል። በቢላው ጀርባ እየፋቃችሁ አንሱት። በስለቱ ከሄዳችሁ እግሩንም አብራችሁ ልትቆርጡት ትችላላችሁ።

አሁን ሙጫ ሳትነኩ ሁሉንም በማስኪንግ ቴፕ አገጣጥሙት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሙጫው ሥራ እኩል ጊዜ እሰጠዋለሁ። ክንፉ ከሆዱ ጋር ሲገናኝ ስንት ክፍተት አለ? ሁለቱ የአካል ግማሾች አፍንጫው ላይ እኩል ናቸው? መስታወቱ ይቀመጣል? ችግሩን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉት። ብዙ ጊዜ ጥፋተኞቹ የመገጣጠሚያ እሾሆቹ ናቸው። ቀዳዳቸው ቦታውን ስቶ ሁለቱን ግማሾች ያዛንፋል። እንዲህ ከሆነ እሾሆቹን ቆርጣችሁ ጣሉ። ጠርዙን በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ ማስተካከል ይሻላል።

ኮክፒቱ

አጭር ነው፣ ምክንያቱም ውስጡ ብዙ ነገር የለም። አንዳንድ የድሮ ኪት ያለው አንድ ወንበርና አንድ አብራሪ ነው። ከነጭራሹ ወንበሩ የሌለበት፣ አብራሪው ከግድግዳው በወጣ እሾህ ላይ የሚቀመጥበትም አለ። የእንግሊዞቹ ግራጫ አረንጓዴ ቀለም ቀቡት። ከቀጭን ፕላስቲክ የተቆረጠ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ጨምሩ፣ ጥቁር ቀቡት፣ በነጭ ቀለም ጥቂት ነጥብ አድርጉበት። ከወረቀት ቴፕ ቀጭን ቀበቶ ቁረጡለት። ይበቃል።

አብራሪውን አትጣሉት። የዛሬ ሠሪዎች አብራሪ የሌለው ኮክፒት ይወዳሉ፤ ያ ግን የሚያምረው ውስጡ በዕቃ ሲሞላ ነው። የናንተው ባዶ ቤት ነው፣ አብራሪው ተቀምጦ ይሸፍንላችሁ። ቁመቱም ይመርመር። ስድስት ጫማ የሚሆን ሰው በዚህ ስኬል ቢቆም አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። የድሮ አብራሪዎች አንዳንዴ ግዙፍ ናቸው። ጭንቅላቱ መስታወቱን ከነካ ከመቀመጫው ሥር በብርጭቆ ወረቀት ቀንሱለት።

ሁለቱን ግማሾች ማጣበቅ

ሳጥኑ ውስጥ የቱቦ ሙጫ ካገኛችሁ ጣሉት። ደርቋል፣ ባይደርቅም ክር እየጎተተ ሥራ ያበላሻል። የሚያስፈልጋችሁ ብሩሽ ያለው ቀጭን ፈሳሽ የሞዴል ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ እንደ ወረቀት ሙጫ በመሐል ገብቶ አይደለም የሚይዘው። ፕላስቲኩን ራሱን አሟሙቶ አንዱን ከሌላው ያዋህዳል። ስለዚህ ቀለም የተቀባ ጠርዝ ላይ አይሠራም፤ ቀለሙን መጀመሪያ ፋቁ። መስኮት ክፈቱ፣ ሽታው ለሳንባ ደግ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለቱን ግማሾች ሳይጣበቁ ገጥማችሁ ያዙ። ከጅራቱ ጀምሩ። ብሩሹን ስንጥቁ ላይ ብቻ አስነኩ። ሙጫው በራሱ ወደ ውስጥ ሲሳብ፣ መስመሩ ሲጠቁር ይታያል። አምስት ሰከንድ ያህል ጠብቁ። ከዚያ ሁለቱን ጎን ጫን አድርጉ። በመጋጠሚያው ላይ የቀለጠ ፕላስቲክ እንደ ቀጭን ክር ብቅ ይላል። ያ ክር ተፈላጊ ነው፣ በምንም አትጥረጉት። ክፍተቱን የሚሞላው እሱ ነው። ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር እየሄዳችሁ፣ በየመሐሉ በቴፕ እየያዛችሁ ወደ አፍንጫው ድረሱ። ጣታችሁ ከስንጥቁ ይራቅ፤ ሙጫው ከጣት ሥር ገብቶ አሻራችሁን ፕላስቲኩ ላይ ያትመዋል።

ከዚያ እስከ ማግስቱ አትንኩት። የቀለጠው ፕላስቲክ ሳይጠነክር ብርጭቆ ወረቀት ካሳያችሁት ከቀናት በኋላ ይሰረጉድና ቀለም ከተቀባ በኋላ መስመር ሆኖ ይወጣል። ሲጠነክር ክሩን በቢላ ላጩ፣ በ600 ቁጥር አለስልሱ።

አፍንጫው ላይ ክብደት ልጨምር ወይ ለምትሉ፣ ስፒትፋየር አያስፈልገውም። በጅራቱ ጎማ ነው የሚቀመጠው። እንደ ፒ-38፣ ፒ-39 ወይም ሜሰርሽሚት 262 ያሉ የፊት ጎማ ያላቸው ግን ያስፈልጋቸዋል። ያለዚያ በጅራታቸው ይቀመጣሉ። አካሉ ከመዘጋቱ በፊት ነው የሚደረገው።

ክንፉ፣ ዋናው ቦታ

የስፒትፋየር ውበት ክንፉ ነው። ሞላላ ቅርጹን ማንም ያውቀዋል። ብዙ ሞዴል የሚበላሸው ግን በቅርጹ ሳይሆን ወደ ላይ በመነሳቱ ነው። ሁለቱ ክንፎች ከሥራቸው ወደ ጫፋቸው ስድስት ዲግሪ ከፍ ይላሉ። በዚህ ስኬል ከሥሩ ሰባት ሴንቲ ሜትር ርቆ ያለው ቦታ ሰባት ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ማለት አለበት። ትንሽ ይመስላል። ግን ክንፉ ጠፍጣፋ ከሆነ አውሮፕላኑ የሞተ ይመስላል፣ አንዱ ከሌላው ከበለጠ ደግሞ ከሩቅ ያስታውቃል።

ካርቶን ላይ በፕሮትራክተር ስድስት ዲግሪ ለኩና በሁለቱም ጎን እኩል ቁረጡ። የአካሉ ሆድ የሚያርፍበት ክፍተትም መሐሉ ላይ አውጡ። ክንፉን ካጣበቃችሁ በኋላ አውሮፕላኑን እዚያ ላይ አስቀምጡት፣ እስኪደርቅ አታንሱት። ከፊት ለፊት ዝቅ ብላችሁ እዩት። የጅራቱ አግድም ክንፍ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ወደ ላይ አይነሳም። ሁለቱን ከፊት ስታዩ ይህ ልዩነት በግልጽ መታየት አለበት።

አሁን የድሮ ኪት ሁሉ በሽታ ወደሆነው እንምጣ፦ በክንፉ ሥርና በአካሉ መሐል የሚቀረው ክፍተት። ወዲያው ወደ ስቱኮ አትሩጡ። መጀመሪያ ክፍተቱን በመገጣጠም አጥቡት። አንዱ መንገድ ከፍሬሙ ላይ እንጨት መሰል ቁራጭ ቆርጦ አካሉ ውስጥ ከጎን ወደ ጎን መወጠር ነው። አካሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ሲገፋ ክፍተቱ ይዘጋል። ሁለተኛው ከአንዱ ክንፍ ጫፍ ወደ ሌላው በአካሉ ጀርባ በኩል ቴፕ ወጥሮ ክንፎቹን ወደ ላይ መሳብ ነው። ክንፉ ሲነሳ ላይኛው ክፍተት ይጠባል፣ ስድስት ዲግሪውም አብሮ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ የቀረውን ነው በስቱኮ የምትሞሉት። ለክንፍ ሥር በውሃ የሚሟሟውን ዓይነት እመርጣለሁ። በስቴኪኒ ጫፍ ቀቡት። በረጠበ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ትርፉን ጥረጉ። ክፍተቱ ውስጥ ያለው ይቀራል፣ ዙሪያው ንጹሕ ይሆናል። ብርጭቆ ወረቀት ስለማያስፈልግ በአካባቢው ያሉት ሪቬቶች (የቆርቆሮ ማያያዣ ምስማር ራሶች) አይጎዱም። ለትልቅና ጥልቅ ጉድጓድ ሱፐር ግሉም ይሞላል። ግን በዚያው ሰዓት አለስልሱት። ካደረ ከፕላስቲኩ ይጠነክርና ብርጭቆ ወረቀቱ ፕላስቲኩን ብቻ እየበላ ይሄዳል።

ሪቬቶቹን ምን እናድርጋቸው?

የድሮ ኪት ላይ የቆርቆሮ መስመሮቹ ወደ ላይ የወጡ ናቸው። ሪቬቱም እንደ ብጉር ነው። ሒሳቡን ስታሰሉት ያስቃል፦ 0.2 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ ሪቬት በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከ14 ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል። ይህን የሚያክል ጉብታ ይዞ ማንም አይበርም። ማችቦክስ የተባለው አምራች ኪቶች ደግሞ በተቃራኒው መስመራቸው ቦይ ሲያክል ነው የተቆፈረው።

ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንደኛው ሁሉንም ፍቆ ማንሳትና በመርፌ ወይም በመቅረጫ መሣሪያ፣ ወፍራም ተለጣፊ ቴፕን እንደ ማስመሪያ እየተጠቀሙ፣ እንደ አዲስ መቅረጽ። እጃችሁ የለመደ ከሆነ ውጤቱ ግሩም ነው። ካልለመደ መስመሩ ይንሸራተትና ሥራው ይበላሻል። ሁለተኛው ማሳነስ ነው። በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ በውሃ፣ መላ ገላውን በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ እለፉበት። መስመሩ ይቀራል፣ ቁመቱ ይቀንሳል። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመክረው። ለመጀመሪያ አሮጌ ኪት መስመር መቅረጽ መማር ለምን? እዚያ ላይ የሚያልቀው ጊዜ ለክንፉ ሥር ይሻላል።

መጋጠሚያ ስታለሰልሱ የሚጠፋ ሪቬት ይኖራል። ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ ቴፕ ብታደርጉ ጥፋቱ ይቀንሳል። የጠፋውን ለመመለስ በመርፌ ጫፍ የነጭ ሙጫ ነጥብ አኑሩ። ሲደርቅ ይቀንሳል፣ ቀለም ሲለብስ ማንም አይለየውም።

መስታወቱ

የድሮ መስታወት ወፍራም፣ የተጫጫረ፣ አንዳንዴም ቢጫ ነው። ቢጫነቱ አይለቅም። ጭረቱ ግን ይለቃል። ከ2000 ቁጥር ጀምራችሁ ወደ ላቀው እየወጣችሁ በውሃ አለስልሱት። መጀመሪያ ነጭ ጉም ይለብሳል፣ አትደንግጡ። በመጨረሻ በፕላስቲክ ማሳመሪያ ክሬም፣ ከሌለ በተራ የጥርስ ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ እሹት። አጥባችሁ አንጸባራቂ አክሪሊክ ቫርኒሽ ውስጥ አንዴ ንከሩት፣ ጥግ ላይ የቀረውን ጠብታ በወረቀት አስመጥጡ፣ ከአቧራ በሚከለል ክዳን ሥር ይደር።

ስታጣብቁት ሱፐር ግሉ እንዳትሞክሩ። ትነቱ መስታወቱን ነጭ ያደርገዋል። የሞዴል ሙጫም ካፈሰሳችሁት ያቀልጠዋል። ነጭ የእንጨት ሙጫ ይበቃል፤ ሲደርቅ ግልጽ ይሆናል፣ ትንንሽ ክፍተትም ይሞላል።

ክፈፎቹን ለመቀባት መስታወቱን በቀጭን ማስኪንግ ቴፕ ሸፍኑ። ጠርዙን በስቴኪኒ ጫፍ አስጠጉና በአዲስ ምላጭ ቁረጡ። መጀመሪያ የኮክፒቱን ግራጫ አረንጓዴ ቀቡ፣ ከዚያ የውጪውን ቀለም። በመስታወቱ ውስጥ ስታዩ ክፈፉ ከውስጥ በኩል ትክክለኛ ቀለሙን ያሳያል።

ቀለም

በፊት ግራጫ ፕራይመር፣ ማለትም መነሻ ቀለም፣ በስሱ ይቀባ። ፕራይመር ያልታየውን ጭረትና ክፍተት ሁሉ ያጋልጣል። አስተካክሉ፣ እንደገና ቀቡ።

የድሮ መመሪያ የሚሰጠውን የቀለም ስም ብዙ አትመኑ። እ.ኤ.አ. በ1940 የተዋጋ ማርክ 1 ከላይ ጥቁር አረንጓዴና አፈር ቡኒ ነው። የታችኛው ገጹ ከሰኔ 1940 ጀምሮ ስካይ የሚባለው ቀለም ሆነ። መመሪያዎች የዳክዬ እንቁላል ሰማያዊ እያሉ ይጽፉታል፤ ስካይ ግን ወደ ቢጫ አረንጓዴ ያደላ የገረጣ ቀለም ነው። ከዚያ በፊት የክንፉ የታችኛው ገጽ ግራው ጥቁር፣ ቀኙ ነጭ የነበረበት ጊዜም አለ። ይህን መሥራት ለሚደፍር አሪፍ ነው። በጅራቱ አጠገብ ያለው የስካይ ቀበቶና የስካይ የፕሮፔለር አፍንጫ የመጡት በ1940 መጨረሻ ነው። ከነሐሴ 1941 ወዲህ ደግሞ ቡኒው በግራጫ ተተካ። ስለዚህ በመስከረም 1940 በረረ የምትሉት አውሮፕላን ላይ የስካይ ቀበቶ አታድርጉ።

በብሩሽ የምትቀቡ ከሆነ ቀለሙን አቅጥኑት። ስስ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ከአንድ ወፍራም ይሻላል። በመጀመሪያው ዙር ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በሁለተኛው ተሻጋሪ አድርጋችሁ ቀቡ። መጀመሪያ የታችኛውን ገጽ፣ ከዚያ ቡኒውን፣ በላዩ አረንጓዴውን። የእርሳስ ንድፍ ለአረንጓዴው ይበቃል። ኢናሜል የሚባለው የዘይት ቀለም ከሆነ በዙሩ መሐል አንድ ሙሉ ቀን ስጡት። በአክሪሊክ ላይ ኢናሜል መሄድ ይችላል። ጠንካራ ቲነር ያለውን ላከር በኢናሜል ላይ መጨመር ግን ሥሩን ያኮማትረዋል። አሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ የቆየ ኢናሜል በደንብ ከተበጠበጠ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ሊሆን ስለሚችል ግን ሲደርቅ በደረቁ አትፈግፉት።

ዲካል

ዲካል በውሃ ተነክሮ ሞዴሉ ላይ የሚለጠፍ ምልክት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያማርረው። ወረቀቱ ቢጫ ከሆነ በግልጽ ከረጢት አድርጋችሁ የፀሐይ ብርሃን በሚያገኝ መስኮት ላይ በቴፕ ለጥፉት። ከቀናት እስከ ሳምንታት ባለው ጊዜ ቢጫው ይነጣል። በየጊዜው እያያችሁ አውጡት።

ቀጥሎ የማትፈልጉትን አንድ ቁራጭ ሞክሩ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሠላሳ ሰከንድ ንከሩ፣ አውጥታችሁ እርጥብ ወረቀት ላይ አኑሩ። ደቂቃ ሳይሞላ በጣት ሲገፋ ከወረቀቱ ከተንሸራተተ ደህና ነው። እንደ ደረቀ ቅጠል ከተሰባበረ ሙሉውን ገጽ በዲካል መጠበቂያ ፈሳሽ ወይም በአንጸባራቂ ቫርኒሽ ሸፍኑት። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ምልክት ጠርዙን ተከትላችሁ መቁረጥ አለባችሁ፤ ቫርኒሹ ሁሉንም አንድ ገጽ አድርጎታልና።

ሞዴሉ መጀመሪያ በአንጸባራቂ ቫርኒሽ ይሸፈን። ደብዛዛ ቀለም ላይ ዲካል ከሥሩ አየር ይይዛል፣ አየሩ ብርማ ሆኖ ያበራል። ቦታው ላይ ጠብታ ውሃ አድርጉ። ዲካሉን ከወረቀቱ ላይ አታንሱት፤ ወረቀቱን አስጠግታችሁ በእርጥብ ብሩሽ አንሸራቱት። ቦታውን እስኪይዝ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ በዚያ ጊዜ በብሩሽ ጫፍ አስተካክሉት። ከመሐል ወደ ጠርዝ በጥጥ ጫን እያላችሁ ውሃውን አስወጡ። ከዚያ ዲካል የሚያለሰልስ ፈሳሽ ቀቡ። ዲካሉ ይጨማደዳል፣ የተበላሸ ይመስላል። እጃችሁን አሳርፉ። ሲደርቅ በሪቬቶቹ ላይ ተለጥጦ ይተኛል።

ምልክቱንም መርምሩ። በክንፉ ላይኛው ገጽ ያለው ክብ ቀይና ሰማያዊ ብቻ ነው፣ ነጭ የለበትም። በአካሉ ጎን ያለው ግን ነጭም፣ በውጭ በኩል ቢጫ ቀለበትም አለው። አሮጌ ገጽ ላይ ቀዩ ከመሐል ከተዛነፈ ምትክ ዲካል ግዙ። ይህ ከሩቅ ይታያል፣ በምንም አይሸፈንም።

ማርክ 1 ስምንት መትረየስ አለው፣ በየክንፉ አራት። የአፈሙዙ ቀዳዳ ከበረራ በፊት በቀይ ጨርቅ ይሸፈን ነበር። ከትርፍ ዲካል የተቆረጡ ስምንት ትንንሽ ቀይ ቁራጮች በክንፉ ፊት ጠርዝ ላይ ብታደርጉ፣ ኪቱ ላይ በደንብ ያልተቀረጸውን አፈሙዝ ሁሉ ትገላገላላችሁ።

መጨረስ

ጥቁር ቡኒ ኢናሜል በቲነር በጣም አቅጥናችሁ በክንፍና በጅራት መጋጠሚያ ላይ አስኬዱ፣ ትርፉን ጥረጉ። በየጎኑ ያሉት ሦስት ጭስ ማውጫዎች ወደ ኋላ ትንሽ ጥላሸት ይኑራቸው። የአብራሪው በር በግራ በኩል ነው። ስለዚህ የተላጠ ቀለም ማሳየት ከፈለጋችሁ አብራሪው የሚረግጠው የግራው ክንፍ ሥር ላይ በብርማ እርሳስ ጥቂት ነጥብ አድርጉ። ቀኙን ክንፍ አትንኩት፤ አብራሪው በዚያ በኩል አይወጣም። ከዚያ በደብዛዛ ቫርኒሽ ይሸፈን።

እግሮቹን አሁን ግጠሙ። የስፒትፋየር እግር ከሥሩ ጠባብ ነው፣ ጎማዎቹ በጣም አይራራቁም። ከፊት ስታዩአቸው እኩል ካልሆኑ ሙጫው ሳይደርቅ አስተካክሉ። ጎማውን ከሥሩ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ጠፍጣፋ አድርጉት፣ ክብደት ያለው ይመስላል። ፕሮፔለሩን ሳታጣብቁ ማስገባት ትችላላችሁ፤ የድሮ ኪት እንዲዞር ተብሎ ነው የተሠራው።

የሬዲዮ ሽቦው የመጨረሻው ሥራ ነው። የፍሬም ቁራጭ ከሻማ ነበልባል በላይ፣ ሳይነካው፣ እያዞራችሁ አሙቁ። ሲለሰልስ ከእሳቱ አርቁና ሁለቱን ጫፍ በእርጋታ ጎትቱ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር ይወጣል። ከምሰሶው ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ ለክታችሁ ቁረጡና በሱፐር ግሉ ጠብታ ያዙት። ከላላ ትኩስ የሆነ የሽያጭ ብረት በቅርብ ርቀት ብታሳልፉበት ይወጠራል። ሽቦው የሌለው ማርክ 1 ስለነበረ ግን የምትሠሩትን አውሮፕላን ፎቶ አይታችሁ ወስኑ። ከዚያ የመስታወቱን ቴፕ አንሱ፣ ሞዴሉንም ቀጥተኛ ፀሐይ በማይደርስበት፣ አቧራ በማይገባበት ቦታ አስቀምጡት።